የአያ ደሴ ሱቅና እምቢ ያሉት ዲስኮች

ባለፈው መስከረም ትክል ድንጋይ ከሚባለው አገር የመጣ አንድ ገበሬ ያረጁ የፊልም ዲስኮች እንድሰጠው ለመነኝ። ማሽላው ላይ በገመድ ሊያንጠለጥላቸው ነው። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ስለሚያብለጨልጩ ወፍ ይሸሻል አለኝ። ሁለት ፌስታል ሙሉ ሰጠሁት። ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ በአንድ አጠብኳቸው። ገበሬው ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «እቴ የሺ፣ ወፏ እኮ ቆሸሸ ብላ አትመልሰውም» አለኝ። እጄ ለምዶ ነው አልኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ስሠራበት የኖርኩት የፊልም ማከራያ ሱቅ ተዘጋ። አሁን በቦታው የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ሰው ፊልሙን ከስልኩ ስለሚያይ ዲስክ የሚያከራይም የሚከራይም የለም። ልጄ ሰላም ነርስ ናት፤ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ሥራ ፈትቼ ቤት ስቀመጥ የበሩን ቁልፍ ደጋግሜ ስሞክር፣ የምድጃውን ሶኬት ነቅዬ እንደገና ለማየት ስነሣ አየችኝና፣ «እማ፣ እባክሽ ያየሽውን ጻፊው፤ እጅሽም አሳብሽም ይረፍ» አለችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል አልስትም፤ ግን ቀስ እላለሁ። ስለሰው ስጽፍ ደግሞ እንዳላጠፋ እፈራለሁ። ቢሆንም ስለ አያ ደሴ ሳይጻፍ ቢቀር ጥፋቱ ይበልጣል።

ባለቤቴ ሲሞት ሰላም ጥርሷን ገና አልለወጠችም ነበር። አያ ደሴ ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወረድ ብሎ የፊልም ማከራያና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ ነበረው። ጽዳት የምትሠራ ሴት ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። ሱቁን የወደድኩት በመስኮቱ በኩል የትምህርት ቤቱ በር ስለሚታይ ነው። ልጄ ስትገባም ስትወጣም አያታለሁ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ቀኑን አያዛንፍም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዲስክ ላይ አቧራ አየሁና በቀሚሴ ጫፍ ክብ ክብ እያደረግሁ ወለወልኩት። አያ ደሴ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ እኔንም አስታጠበኝ። ዲስኩን በጠርዙና በመካከሉ ቀዳዳ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«የሺ፣ ጽሑፉ የሚሄደው ዙሪያውን ነው» አለኝ። «አንቺም ዙሪያውን ከጠረግሽ፣ የጫርሽው ጭረት ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ማሽኑ ያን ሁሉ መንገድ ማንበብ ያቅተዋል። ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርገሽ ከጠረግሽ ግን፣ ጭረቱ መንገዱን አቋርጦ ያልፋል፤ ማሽኑ ይዘለዋል።»

ማንም እንዲህ ምክንያቱን እየነገረ አስተምሮኝ አያውቅም። ትምህርት ቤት እንኳ «ያዢው» ብቻ ነበር የምንባለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለመጥረጊያ ደግሞ ያረጀ ነጠላ አዘጋጃለሁ፤ የማደርቀው በጥላ ነው። ጭረቱ ከባድ ከሆነ የጥርስ ሳሙና በጣቴ ጫፍ አሽቼ አጥባለሁ። ከጊዜ በኋላ መጥረጊያውን አስቀምጬ የዲስኩ ሠራተኛ ሆንኩ። «ያችን ሴትዮ ጥሯት፤ እሷ ካጠበችው አይቆምም» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ደግሞ ቢቆምስ ብዬ እሰጋለሁ።

የአያ ደሴን ጠባይ ብጽፍ አላልቅም። ማሽን የሚከፍተው ባለቤቱ ፊት ነው። ብሎኖቹን በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ በወጡበት ተራ ይደረድራል። «ተበላሽቷል» አይልም፤ «ደክሟል» ነው የሚለው። የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣ እስኪጨርስ ያዳምጠዋል፤ ከዚያ ወንበር ይስበለታል። ከእሱ በኋላ ሱቁን የያዙ ሁለት አለቆች አይቻለሁ፤ ክፉዎች አልነበሩም፤ ወንበር ግን አይስቡም ነበር። አያ ደሴ አሁን አርጅቶ አዘዞ ልጁ ዘንድ ነው። ጆሮው ደክሞ፣ ስጠይቀው ከንፈሬን እያየ ይመልስልኛል።

ስለ ዲስኩ ቁጥር ሳልነግራችሁ ወደ ሌላ መሄድ አልችልም፤ የብዙ ሰው ንዴት ከእሱ ስለሆነ። ውጭ አገር በመደብር የሚሸጥ ፊልም ማሸጊያው ጀርባ ላይ ትንሽ የዓለም ክብ ተሥላበት፣ ውስጧ ቁጥር አለ። ፊልም ሠሪዎቹ ዓለምን በቁጥር ከፋፍለዋታል። አሜሪካ አንድ ነው፣ አውሮፓ ሁለት፣ የእኛ ደግሞ አምስት። ማጫወቻውም ሲሠራ እንዲሁ ቁጥር ይሰጠዋል። የዲስኩና የማጫወቻው ቁጥር ካልገጠመ፣ ዲስኩ አዲስ ቢሆን፣ እኔ አሥር ጊዜ ባጥበው፣ አይከፍትም። የቴሌቪዥኑ ማያ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ይወጣል፤ በቃ።

ይህን ለሰው ማስረዳት ከባድ ነበር። ዘመድ ከባሕር ማዶ የላከላቸው ሰዎች ዲስኩን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ደብዳቤ ነበር ይዘው የሚመጡት። እምቢ ሲላቸው እኛን ይጠረጥራሉ። «የእናንተን እንድንከራይ ነው» ያለችኝም አለች። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከአሜሪካ ሲመለስ ለልጆቹ ካርቶን ሙሉ ፊልም ገዝቶ መጣ። አንዱም አልከፈተም።

«ይሄ እኮ የተገለበጠ አይደለም» አለ። «ደረሰኙ አለኝ። ከመደብር ነው የገዛሁት።»

«ለዚህ ነው የማይሠራው» አለው አያ ደሴ።

«ስለገዛሁት?»

«ስለገዙት። ከመንገድ ላይ የተገለበጠ ቢያመጡ ቁጥር ስለሌለው ይሠራ ነበር።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «እኔ ከነሻንጣዬ ስገባ ማንም አላስቆመኝም። ቪዛ የሚጠየቀው ዲስኩ ነው ማለት ነው?»

«ቪዛስ ቢሆን ጥሩ» አለ አያ ደሴ። «የት ሄደን እንደምንሰለፍ እናውቅ ነበር።»

መምህሩ ሳይወድ ሳቀ። አያ ደሴ ግን በልቡ አልሳቀም። ሰው በሐላል ገዝቶ የሌባ ያህል ሲጉላላ ያንገበግበው ነበር። አንዳንዱን ርካሽ ማጫወቻ በሪሞቱ ቁጥር ደርድሮ ያግባባዋል፤ የሱቃችን ማጫወቻ ግን ግትር ነበር። ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛ። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል። የት ገብቶ እንደሚቀየር አንድ ቀን አሳየኝ። «አትንኪው ግን» አለኝ። «እኔ ባለሁበት ብቻ ነው።» ሁልጊዜ ምክንያቱን የሚነግረኝ ሰው ያን ቀን ግን አንድ ደንበኛ ጠርቶት ሄደ። እኔም መልሼ አልጠየቅሁም።

ከዚያ እኅቱ አረፈችና ለለቅሶ ወደ ጭልጋ ሄደ። ሱቁን ለእኔ ተወው። በማግስቱ መምህሩ መጣ። ልጆቹ የፊልሞቹን ሥዕል ሽፋኑ ላይ እያዩ ይጠይቁታል። «እባክሽ፣ ኮምፒውተሩ ይከፍታል ብሎኛል። አንዱን ብቻ» አለኝ። አሳዘነኝ። የእናት ልብ ለልጅ ነገር ደካማ ነው። ገብቼ አምስቱን ወደ አንድ ቀየርኩት። ከፈተ። በባዶ ዲስክ ገልብጬ ሰጠሁት። ማታ ልዘጋ ስል ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ የሰው ዕቃ እንደነበረ ማስቀመጥ ነው ልማዴ። ሳፋውን ደፋሁ፣ ነጠላውን አጠፍኩ፣ ቁጥሩንም ወደ አምስት መለስኩት።

በሁለተኛው ቀን መምህሩ ሌላ ዲስክ ይዞ መጣ። ቀየርኩ፤ ማታ መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋትም ቀየርኩ። በቀየርኩ ቁጥር ከእንግሊዝኛው መሐል አንድ ቁጥር እያነሰ ሲሄድ አይቻለሁ። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። እንግሊዝኛውን ባላነብ ቁጥር አውቃለሁ። ዲስኩ እስኪከፈት የሚቆጥር መሰለኝ። መምህሩ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ «ምን ይላል?» ብዬ ልጠይቀው እችል ነበር። አለማወቄን እንዳያይብኝ ብዬ ዝም አልኩ። መምህሩ ከሄደ በኋላ ወደ አምስት ልመልሰው ስል እምቢ አለኝ። ቁጥሩ ዜሮ ሆኗል። ኮምፒውተሩ የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለበት ይቆለፋል፤ የተቆለፈውም አንድ ላይ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ገቡ። እመት ወርቄ ይባላሉ። ከአዲ አርቃይ በላይ ካለው ተራራ ለዓይን ሕክምና መጥተው ነው። ከነጠላቸው ቋጠሮ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ዲስክ አወጡ። ሽፋኑ ላይ የገደል ሥዕል አለ። የክብ ሥዕሏን ፈልጌ አየሁ፤ ሁለት ትላለች።

«ፈረንጆች ናቸው የላኩልኝ» አሉ። «ካሴ፣ ባለቤቴ፣ በቅሎ ጫኝ ነበር። ፈረንጆቹን በተራራው ሲያዞር ቀርጸውታል። እሱ ካረፈ በኋላ ነው ይሄ የደረሰኝ። ፎቶ የለኝም ልጄ። መታወቂያው ላይ ያለችውም ውሃ ገብቶባት ፊቱ ሄዷል።»

«ቤትዎ ማጫወቻ አለ?»

«የት አግኝቼ። እዚያ ቀበሌ ወስጄው ነበር፤ አይከፍትም አሉኝ። ጎንደር ይከፍቱታል ብለውኝ ነው።» ከዚያ ረጋ ብለው ቀጠሉ። «ሐኪሙ የግራው ጨርሷል አለኝ። የቀኙም ብዙ አይቆይም፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም አለ። እስኪሄድ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው።»

ዲስኩን አጠብኩት፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን አጠብኩት። የሱቁ ማጫወቻ ተፋው። ኮምፒውተሩ ላይ አስገባሁት። ያ መስመር ወጣ፣ ከነዜሮው። እሳቸው በቀኝ ዓይናቸው ማያውን አጥብቀው ያያሉ። «ይሄ ነጩ እሱ ነው?» አሉኝ። ጽሑፉን ነው።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «ማሽኑ ዛሬ ደክሟል፤ ነገ ጠዋት ይምጡ» አልኩ። የአያ ደሴን ቃል ለውሸት ተጠቀምኩበት።

«ነገ? ሸጋ» አሉ። «ከነገ ወዲያ ግን ማኪና ተሳፋሪ ነኝ።»

ያን ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እንኳ በመስኮቱ አላየኋትም። ሱቁ ውስጥ ገብታ ስትጠራኝ ነው የነቃሁት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የሆንኩበት ሌላ ቀን የለም።

አያ ደሴ በማግስቱ ማለዳ ከጭልጋ ገባ። ጢሙ አድጓል፣ ኩታውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍቷል። ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዴት ልንገረው ብዬ ስንተባተብ፣ ማሽኑን ራሱ አየው። ዜሮዋን አየ። ኮምፒውተሩን ለማግኘት ስንት ቀን ሲያፈላልግ እንደነበር፣ አምስቱንም ጊዜ እንዴት ይቆጥብ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ምን ምን ቀየርሽ?» አለኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ማታ ማታ መልሰሽዋል?»

«እንደነበረ ላስቀምጥ ብዬ ነው፣ አያ ደሴ።»

«አንድ ላይ እንዳለ ብትተይው ኖሮ፣ አንዴ ብቻ ተቀይሮ አራት ይቀረን ነበር። ባለሥርዓት ሆነሽ ነው የጨረስሽው።» ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሲመለስ፣ «ለምን አትንኪው እንዳልኩሽ ሳልነግርሽ መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው። የቀረው ያንቺ ነው። አሁን ስለ ማሽኑ አናወራም፤ የሴትዮዋን ነገር ንገሪኝ» አለ።

ስነግረው አቋረጠኝና፣ «ዲስኩ የት ነው የተገዛው? ማን ነው የላከው?» አለ። ይህን ጥያቄ ለማንኛውም ዕቃ ይጠይቃል፤ መልሱንም ደብተር ላይ ይጽፋል። እኔ እንዲያው የሰው ጉዳይ መውደድ ይመስለኝ ነበር። ፈረንጆች እንደላኩት፣ ቁጥሩም ሁለት እንደሆነ ስነግረው ደብተሮቹን አወረደ። የጠገነው ማጫወቻ ሁሉ፣ የት እንደተሠራ ሳይሆን ከየት አገር፣ በማን እጅ እንደመጣ ተጽፏል። በጣቱ እየተከተለ ቆየና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ወለቃ፣ እዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ» አለ። «እናና፣ ሸክላ ሠሪዋ። ማጫወቻውን ጓደኛዋ ከእስራኤል ነው የላከችላት። መሰኪያው አልገጥም ብሏት እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«እስራኤልና የፈረንጆቹ አገር ምን አገናኘው?»

«በዲስክ ቁጥር ጎረቤት ናቸው። ሁለቱም ሁለት ነው።»

እመት ወርቄ ሲመጡ አያ ደሴ ወንበር ሳበላቸው። ማሽኑ ደክሞ እንዳልነበረ፣ ሱቁ ውስጥ ስሕተት እንደተፈጠረ ነገራቸው። የማን ስሕተት እንደሆነ አልተናገረም። እኔ ነኝ አልኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁም። «ምነው ታዲያ ትናንት አልነገርሽኝ?» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ማሽኑን ይማርህ ስለው አደርኩ እኮ።» አያ ደሴ ሳቅ አመለጠው፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ባጃጅ ጠርቶ ሦስታችንም ወደ ወለቃ ሄድን።

እናና መንገድ ዳር የደረደረቻቸውን ጀበናና የሸክላ ምስሎች ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ተቀበለችን። ነገሩን ስትሰማ ጭቃውን አስለቅቃ አንድ በርጩማ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት አደረገች። «ከዚህ ይዩት፣ እናቴ። ከዚህ ቢርቅ እኔም አላየው» አለች። ዲስኩን በጠርዙ ይዤ አስገባሁት። ማሽኑ ትንሽ አንጎራጎረ። ተራራው ወጣ።

ብዙ ደቂቃ አንድ ፈረንጅ ብቻ ያወራል። እመት ወርቄ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደርሷል። ከዚያ አንድ ቀጭን ሰው ከጉም ውስጥ በቅሎ እየሳበ ወጣ።

«እሱ ነው» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። «ጋቢው የእኔ ነው። እኔ ነኝ የፈተልኩት።»

ፈረንጁ በላዩ ላይ ማውራቱን አላቆመም። ካሴ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ የሚለው አይሰማም። አቀበቱ ላይ ግን ፈረንጁ ዝም አለ። በቅሎዋ ቆመች። ካሴ ዞሮ፣ «ነይ እንጂ! ምነው ቆምሽ? ይመሻል እኮ» አለ። ይኸው ነው። ከዚያ ጉሙ ዋጠው።

ደጋግመን አሳየናቸው። አራተኛው ላይ አያ ደሴ በቀስታ፣ «እመት ወርቄ፣ ዲስኩ አገርዎ አይከፍትም። ማሽኑን ደግሞ ይዘው አይሄዱም። ድምፁን ግን በራስዎ ስልክ ልቅዳልዎ?» አለ። ስልካቸው ባለቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት። የተቀዳውን የሚያሰማውን ቁልፍ አገኘሁትና፣ በኋላ በጣት ብቻ እንዲያገኙት እናና ቤት ካለው ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አንጠባጥቤ አደረቅኩበት። እፍ እያልኩ፣ እንዳይበዛ፣ ወደ ጎረቤቱ ቁልፍ እንዳይፈስ። እሳቸው ጣታቸውን እያስኬዱ ጉብታዋን ሞከሯት። «ሸጋ» አሉ።

እናና ውጭ የሚያወሩትን ጎረቤቶቿን ዝም አሰኘች። አያ ደሴ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ፊት ያዘ። እኔ ሪሞቱን ይዣለሁ። እመት ወርቄ በዚህ ጊዜ ወደ ማያው አልቀረቡም። በርጩማው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ኋላ የማገኘው እንዲህ ስለሆነ እንዲህ ልስማው» አሉ።

አጫወትኩት። ኮቴው ተሰማ፤ ጠጠር ተንከባለለ።

«ነይ እንጂ! ምነው ቆምሽ? ይመሻል እኮ።»

«መጣሁ፣ መጣሁ» አሉ እመት ወርቄ። «አንተ ደግሞ አታካልበኝ።»

አያ ደሴ ደንግጦ ስልኩን አወረደ። «ድምፅዎ ገባበት፣ እመት ወርቄ። ችግር የለም፣ አጥፍቼ እንደገና እቀዳዋለሁ።»

«የእኔ ገባ?»

«ገብቷል።»

እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጣቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጉብታዋን ፈለጉ፣ አገኟት፣ ተጫኗት። ኮቴው፣ ጠጠሩ፣ የካሴ ጥሪ፣ ከዚያ የእሳቸው መልስ ወጣ። እንደገና ተጫኑ፤ እንደገና ሰሙ። ከዚያ ስልኩን ጡታቸው ሥር ባለው ቋጠሮ ውስጥ አስገቡትና አጥብቀው ቋጠሩት።

«ተወው ልጄ፣ እንዳታጠፋው» አሉ አያ ደሴን። «ሰው ሲጠራ መልስ ያስፈልገዋል።»